ልጅ በሕዝብ መገልገያ ስፍራ ሲጠፋ፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አሠራር

በገበያ ማዕከል፣ በሆስፒታል፣ በመናፈሻ ወይም በሙዚየም ውስጥ ልጅ ሲጠፋ ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚያደርገው መሮጥ ነው። ወላጅ ይሮጣል፤ ሠራተኛውም ዝም ብሎ መቆም ስለማይሆንለት ተከትሎ ይሮጣል። በዚህ መሀል ዋናው በር ተመልካች አጥቶ ይቀራል፤ ልጁ ምን እንደለበሰ የሚያውቀው ብቸኛ ሰውም በየፎቁ እየተጣራ ስለሚዞር በተፈለገ ጊዜ አይገኝም። ይህ መመሪያ በዋነኛነት የተጻፈው እንዲህ ያሉ ስፍራዎችን ለሚያስተዳድሩና በውስጣቸው ለሚሠሩ ሰዎች ሲሆን፣ ወላጆችና አሳዳጊዎችም ከሠራተኞቹ ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ሊያውቁበት ይችላሉ። በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ከፍለጋው በፊት በሩ ይያዛል፤ በሩን የሚይዘውም ሰው ማንን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ በትክክል ይነገረዋል።

ከእንዲህ ዓይነት አሠራሮች መካከል በስፋት የሚታወቀው «ኮድ አዳም» የሚባለው ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1981 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ሆሊውድ ከተማ ከአንድ ትልቅ መደብር ጠፍቶ በኋላ ተገድሎ ከተገኘው የ6 ዓመት ልጅ ከአዳም ዋልሽ ነው። ዎልማርት የተባለው የመደብሮች ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 አሠራሩን በሱቆቹ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአገሪቱ ሕግ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ ተመሳሳይ ሥርዓት እንዲዘረጋ አዘዘ። ሠራተኛው የልጁን መግለጫ ይቀበላል፤ መግለጫው በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ሠራተኞች መውጫዎቹን ይጠብቃሉ፤ ሌሎቹ ይፈልጋሉ፤ ልጁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ፖሊስ ይጠራል። በወረቀት ላይ ቀላል መስሎ የሚታየው ይህ ቅደም ተከተል በተግባር የሚሰናከለው ማን የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ አስቀድሞ ሳይወሰን ሲቀር ነው።

መግለጫውን መቀበል

ወላጁ መጀመሪያ ያናገረው ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛም ይሁን ገንዘብ ተቀባይ፣ ጉዳዩን ለሌላ አሳልፎ መሄድ የለበትም። «መረጃ ክፍል ሄደው ያመልክቱ» የሚለው መልስ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ወላጁን በደነገጠበት ሰዓት በማያውቀው ሕንፃ ውስጥ ሌላ ክፍል እንዲፈልግ ያስገድደዋል። ሠራተኛው እዚያው ቆሞ ለተረኛው ኃላፊ በሬዲዮ ወይም በስልክ ያሳውቃል፤ ከዚያም መግለጫውን በቃሉ ለመያዝ ሳይሞክር በጽሑፍ ይቀበላል።

በመግለጫው ውስጥ የልጁ ስምና ቤተሰቡ የሚጠራበት የቁልምጫ ስም፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ቁመቱ፣ የፀጉሩ ሁኔታ፣ የለበሰው ልብስና የተጫማው ጫማ መካተት አለባቸው። ቁመትን በሴንቲሜትር መናገር ለደነገጠ ሰው ያስቸግራል፤ ወላጁ በራሱ አካል ላይ «እስከዚህ ይደርሳል» ብሎ ቢያሳይ ይበቃል። ጫማውን በተለይ አጥብቆ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ልጅን ሆን ብሎ የሚወስድ ሰው ጃኬት ሊደርብለት ወይም ኮፍያ ሊያደርግለት ይችላል፣ ጫማውን ግን በልኩ ተዘጋጅቶ ካልመጣ በስተቀር በቀላሉ አይቀይረውም። ወላጁ በስልኩ ላይ ፎቶ ካለው፣ በተለይም የዚያኑ ቀን የተነሳ ከሆነ፣ ከብዙ ቃላት ይበልጣል፤ ወዲያውኑ ወደ ሠራተኞቹ የመገናኛ ቡድን ይላክ።

ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ሰዓትና ቦታ ሌላው ቁልፍ ጥያቄ ነው። ጭንቀት የጊዜን ስሜት ስለሚያዛባ «አሁን እዚህ ነበር» የሚለው መልስ ሁለት ደቂቃም ሃያ ደቂቃም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጁ ሰዓቱን እንዲገምት ከመጠየቅ ይልቅ ሰዓት የተጻፈበት ነገር መፈለግ ይሻላል፦ የከፈለበት ደረሰኝ፣ ሲያወራበት የነበረው የስልክ ጥሪ መዝገብ ወይም ያነሳው የመጨረሻ ፎቶ። የካሜራ ቀረጻ የሚመለከተው ሰው ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ይህ ሰዓት ነው።

ሦስት ጥያቄዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው፣ ልጁ ስሙ ሲጠራ ይመልሳል ወይስ አይመልስም፣ የሚሰማና የሚናገርስ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ልጁን የሚስበው ነገር ምን እንደሆነ ነው፤ ውኃ፣ ባቡር፣ እንስሳ ወይም ቀደም ሲል አይቶ «እንሂድ» ብሎ የለመነበት የመጫወቻ ስፍራ ፍለጋው የሚጀመርበትን ቦታ ሊለውጥ ይችላል። ሦስተኛው ሰው በሌለበት ቀስ ብሎ የሚጠየቅ ነው፦ በቤተሰብ ውስጥ በልጁ አስተዳደግ ላይ ክርክር አለ ወይ፣ ልጁ የሚያውቀውና አምኖ አብሮት ሊሄድ የሚችል ሰውስ በአካባቢው ይኖር ይሆን? ልጆች በባዕድ ሰው ብቻ ሳይሆን በዘመድም ይወሰዳሉ፤ አባቱን ወይም አክስቱን ይዞ እየሳቀ ከበሩ የሚወጣ ልጅ ደግሞ የማንንም ጠባቂ ዓይን አይስብም።

በሮቹን መያዝ

መግለጫው ገና እየተጻፈ ሳለ፣ የልጁ ዕድሜ፣ ጾታና የልብሱ ቀለም እንደታወቀ፣ ሠራተኞች ወደ መውጫዎቹ መንቀሳቀስ አለባቸው። ቀሪው ዝርዝር በሬዲዮ ይከተላቸዋል። መውጫ ሲባል ደንበኞች የሚገቡበት ዋናው በር ብቻ አይደለም፤ ዕቃ የሚራገፍበት የጀርባ በር፣ የሠራተኞች መግቢያ፣ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ጎዳና የሚያወጣው መንገድ፣ ከአጎራባች ሕንፃ ጋር የሚያገናኝ መተላለፊያና የአደጋ ጊዜ መውጫ ሁሉ ይቆጠራሉ። የእያንዳንዱ ስፍራ ኃላፊ እነዚህን መውጫዎች በእግሩ ዞሮ በመቁጠር በተራ ቁጥር መሰየምና እያንዳንዱ ቁጥር በየትኛው የሥራ ክፍል ሠራተኛ እንደሚያዝ በጽሑፍ መወሰን አለበት። የሰው ኃይል ከመውጫው ቁጥር የሚያንስ ከሆነ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ ለታየበት ቦታ የሚቀርቡትና ወደ ተሽከርካሪ መንገድ ወይም ወደ ውኃ የሚያወጡት ይቀድማሉ።

በሮቹን መቆለፍ ግን አይገባም። የአደጋ ጊዜ መውጫን መቆለፍ ሌላ አደጋ የመጋበዝ ያህል ነው፤ በድንገት የተዘጋ በርም ሕዝቡን ሊያደናግጥና መገፋፋት ሊፈጥር ይችላል። የሠራተኛው ሥራ በበሩ አጠገብ ቆሞ ከልጅ ጋር የሚወጣውን ሰው ሁሉ ማስተዋል፣ መግለጫውን የሚመስል ልጅ ካየም በትሕትና ማነጋገር ነው። «ይቅርታ፣ አንድ ልጅ ጠፍቶ እየፈለግን ስለሆነ ለአንድ ደቂቃ ይተባበሩን» ማለት አብዛኛውን ሰው አያስቆጣም። ሠራተኛው ልጁን ራሱን ቁመቱ ድረስ ዝቅ ብሎ ስሙን ሊጠይቀው ይችላል። ሰውየው እምቢ ብሎ ቢሄድ በኃይል መያዝ የሠራተኛው ግዴታ አይደለም፤ ራሱንና ልጁን አደጋ ላይ ሳይጥል በተቻለው መጠን ያዘገየዋል፣ መልኩንና የሄደበትን አቅጣጫ፣ መኪና ከያዘም ቀለሙንና የሰሌዳ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ ፖሊስም ሳይዘገይ ይጠራል።

ወላጁ ወይም ልጁን በመልክ የሚያውቅ ሌላ የቤተሰብ አባል በዋናው በር ወይም ኃላፊው በሚያስተባብርበት ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል። ይህን ለወላጅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ «ተቀመጡ» ሲባል ልጁን የተዉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በሰው መሀል የሚያልፈውን ልጅ ከጀርባውም ቢሆን ሊለይ የሚችለው ወላጁ ነው፣ ልጁ ሲገኝም ወዲያው መገናኘት ያለበት ከእርሱ ጋር ነው። ሁለት አዋቂዎች አብረው ከነበሩ አንዱ ልጁ በጠፋበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ ይቁም፤ ብዙ ልጆች ቀድሞ ወደነበሩበት ቦታ ተመልሰው ይመጣሉና። ከወላጁ ጋር ያሉ ሌሎች ልጆችም በአደራ ለአንድ ሠራተኛ ይሰጡ፤ በግርግሩ ሁለተኛ ልጅ እንዳይጠፋ።

ማስታወቂያው

ለሠራተኞች የሚተላለፈው መልእክት ሙሉ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ፦ «ኮድ አዳም፤ ሴት ልጅ፣ 4 ዓመት፣ ቢጫ ቀሚስ፣ ቀይ ሸራ ጫማ፣ ፀጉሯ በሁለት የተጎነጎነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው 9 ሰዓት ከ20 ላይ በአሻንጉሊት ክፍል፤ ሁሉም በየተመደበበት መውጫ ይቁም።» ለሕዝቡም መናገር ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ተቋማት ገበያ እንዳይረበሽ ብለው ይህን ማስታወቂያ ያዘገያሉ፣ በእኔ እምነት ግን ይህ ስህተት ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ያሉት የሕዝብ ዓይኖች ከሠራተኞቹ ዓይኖች እጅግ ይበዛሉ። በሕዝብ ማስታወቂያው ላይ የልጁን ስም መናገር ጥቅምም ጉዳትም አለው። ልጁ ሰምቶ ሊወጣ ይችላል፤ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ግን ስሙን ጠርቶ በቀላሉ ሊያታልለው ይችላል። ስለዚህ ልብሱንና ዕድሜውን መናገር፣ ስሙን ግን ለፈላጊዎቹ ብቻ መስጠት የተሻለ ነው።

ፍለጋው

ፍለጋ በዘፈቀደ ሲደረግ አንዱ ክፍል አምስት ጊዜ ይታያል፣ ሌላው ጨርሶ አይታይም። ሕንፃው ወይም ሜዳው በክፍል በክፍል ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው ይመደባል፤ የታየው ክፍል ለአስተባባሪው በሬዲዮ ይነገራል፣ አስተባባሪውም በካርታው ላይ ምልክት ያደርግበታል። አንድ ዙር ተደርጎ ልጁ ካልተገኘ በሁለተኛው ዙር ክፍሎቹን የሚያዩት ሌሎች ሰዎች ይሁኑ፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ «የለም» ብሎ ያለፈውን ቦታ ደግሞ ሲያየው የሚያየው ቀድሞ ያየውን ነው።

ቅደም ተከተሉ ልጁ ሊገኝበት ይችላል በሚል ግምት ብቻ መወሰን የለበትም፤ ቢገኝበት ፈጥኖ የሚሞትበት ቦታ ይቀድማል። ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ውኃ ነው፦ የመዋኛ ገንዳ፣ ፏፏቴ፣ ኩሬ፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተነሳ ማጠራቀሚያ። መስመጥ ብዙውን ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ልጁ ሊጮህም ሊያውለበልብም አይችልም፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥም ሊድን ወደማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። ስለዚህ በአካባቢው ውኃ ካለ ሌላው ፍለጋ እስኪደራጅ ሳይጠበቅ አንድ ሰው በሩጫ ወደዚያ ይላካል፣ ፍለጋው እስኪያበቃም እዚያው ይቆማል። ቀጥሎ የተሽከርካሪ መንገድና የባቡር ሐዲድ ይታያሉ። ከዚያ የቆሙ መኪናዎች ይመጣሉ፤ በሩ ያልተቆለፈ መኪና ውስጥ የገባ ልጅ መልሶ መክፈት ሊያቅተው ይችላል፣ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጣዊ ሙቀት በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊጨምር ይችላል፣ የሕፃን ሰውነትም ከአዋቂው ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይግላል። የቤተሰቡን መኪና ዕቃ መጫኛ ሳይቀር ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የቀዝቃዛ ማከማቻ ክፍሎች፣ የማሽን ክፍሎችና የጣሪያ መውጫዎችም በዚሁ ተራ ውስጥ ናቸው።

እነዚህ ከታዩ በኋላ ልጅ የሚደበቅባቸው ስፍራዎች ይፈተሻሉ። እዚህ ላይ ፈላጊው ጎንበስ፣ እንዲያውም በጉልበቱ መንበርከክ አለበት፤ በቆመ ሰው ዓይን ባዶ የሚመስል ክፍል በሦስት ዓመት ልጅ ዓይን በመሸሸጊያ የተሞላ ነው። በተሰቀሉ ልብሶች መሀል፣ ከመደርደሪያ በታች፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ በልብስ መለኪያ ክፍል፣ በመጸዳጃ ቤት የተዘጋ በር ውስጥ፣ በደረጃ ሥር፣ በባዶ ካርቶን ውስጥ ሳይቀር ይታያል። የተኛ ልጅ አይመልስም፤ መጥፋቱ ቁጣ እንዳስከተለ የገመተ ልጅም ሆን ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ስሙ ሲጠራ ድምፁ የሚያስፈራ እንዳይሆን ጥንቃቄ ይደረግ፤ ተጠርቶ መልስ አለመስጠቱም ልጁ እዚያ ለመኖሩም ላለመኖሩም ማስረጃ አይሆንም።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ብዙዎቹ ከአዋቂ እይታ በድንገት የመውጣት ልማድ አላቸው፣ ብዙዎቹም ወደ ውኃ ይሳባሉ፤ እንዲህ ወጥተው ለሞት ከተዳረጉት መካከል መስመጥ ዋነኛው ምክንያት ነው። ከፍተኛ ድምፅ፣ የሚያብለጨልጭ መብራትና የሰው ግርግር ይበልጥ እንዲርቁ ወይም እንዲሸሸጉ ሊያደርጋቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲፈለግ የድምፅ ማጉያው ጩኸት ይቀነስ፤ ወላጁ የሚያረጋጋውን ዜማ፣ አሻንጉሊት ወይም ቃል ይናገር፤ ያገኘው ሰውም ሳይነካው፣ ነገር ግን መንገዱን ሳይለቅለት፣ የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ አጠገቡ ይቆይ።

የደኅንነት ካሜራ ባለበት ስፍራ አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ብቻ ይመደብ። መጀመሪያ የሚታየው ልጁ የጠፋበት ቦታ ቀረጻ ሳይሆን የመውጫ በሮቹ ነው፤ ልጁ አልወጣም ማለት ከተቻለ ፍለጋው በሕንፃው ውስጥ ይወሰናል፣ ወጥቶ ከሆነም አቅጣጫው ይታወቃል። ቀረጻው በራሱ ጊዜ እንዳይሰረዝ ወዲያውኑ በተለየ ቦታ ይቀመጥ።

ፖሊስ መቼ ይጠራል?

የልጅ መጥፋት ለፖሊስ የሚነገረው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚለው አባባል መሠረት የለውም፤ በአሜሪካ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ፖሊስ የጠፋን ልጅ ሪፖርት ለመቀበል የጥበቃ ጊዜ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። 10 ደቂቃ የሚለው የኮድ አዳም ገደብም ቢሆን ከዚያ በላይ መዘግየት እንደማይቻል የሚናገር ነው እንጂ እስከዚያ ድረስ ጠብቁ የሚል አይደለም። ልጁ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ሕመም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለበት፣ በአቅራቢያው ውኃ ወይም ፈጣን መንገድ ካለ፣ ከሰው ጋር ሲሄድ ያየ ምስክር ከተገኘ፣ ወይም ስፍራው አጥር የሌለው ክፍት ሜዳ ከሆነ ጥሪው በመጀመሪያው ደቂቃ ይደረግ። ልጁ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ቢገኝ ደውሎ መሰረዝ ቀላል ነው።

የሚደውለው ሰው የጽሑፍ መግለጫውን በእጁ የያዘው ነው፤ የስፍራውን ትክክለኛ መግቢያ ይናገራል፣ መስመሩንም ራሱ አይዘጋም። በብዙ አገሮች 112 ከተንቀሳቃሽ ስልክ ሲደወል ከአደጋ ጊዜ አገልግሎት ጋር ያገናኛል፤ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ 116 000 ለጠፉ ልጆች ጉዳይ የተመደበ የነጻ መስመር ነው። ፖሊስ እስኪደርስ የልጁ የግል ዕቃዎች፣ ኮፍያው ወይም የጋሪው ብርድ ልብስ፣ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፉ፤ አነፍናፊ ውሻ ቢያስፈልግ የልጁ ጠረን የሚገኘው ከእነርሱ ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቅ «አፋልጉኝ» ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ ቢወጣ ይመረጣል። በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ስልክ የፖሊስ ቢሆን የተሻለ ነው፤ የወላጅ ስልክ በአደባባይ ሲወጣ ገንዘብ ካልተላከ ልጁን አናሳይም የሚሉ አጭበርባሪዎች መደወላቸው አይቀርም።

ልጅ ብቻውን ሲገኝ

ብዙ ጊዜ ነገሩ በተቃራኒው ይጀምራል፤ ወላጅ ሳያመለክት ሠራተኛ ወይም መንገደኛ የሚያለቅስ ልጅ ያገኛል። ያገኘው ሰው ልጁን ይዞ ወዲያና ወዲህ አይዙር፤ አደጋ ከሌለ እዚያው ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ወላጁ በአቅራቢያው ሊኖር ይችላልና። ልጁን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ካስፈለገ ሁለት ሠራተኞች አብረው ይሁኑ፣ የሚቆዩበትም ክፍል በሩ ክፍት የሆነና ከሰው እይታ ያልተከለለ ይሁን። ምግብና ጣፋጭ መስጠት አይገባም፤ ልጁ አለርጂ ይኑረው አይኑረው አይታወቅም።

የተገኘን ልጅ በሚመለከት የሚነገረው የሕዝብ ማስታወቂያ ሆን ተብሎ ጎደሎ መሆን አለበት። ልጅ የጠፋበት ሰው ካለ ወደዚህ ቦታ ይምጣ ማለት ይበቃል፤ ስሙ፣ ዕድሜውና ልብሱ አይነገርም፣ ምክንያቱም «የእኔ ነው» ብሎ የሚመጣውን ሰው መለየት የሚቻለው በእነዚህ ነው። የመጣው ሰው ልጁን ሳያይ መልኩንና ልብሱን እንዲናገር ይጠየቃል፣ በስልኩ ያለውን ፎቶ ያሳያል፣ መታወቂያው ይመዘገባል። ልጁ ሲያየው የሚያሳየው ሁኔታም ይታያል፤ መፍራቱ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ጥርጣሬ ከፈጠረ ርክክቡ ፖሊስ እስኪመጣ ይቆያል። እውነተኛ ወላጅ በዚህ ሊቆጣ ይችላል፤ ቁጣውን በትዕግሥት መቀበል የሥራው አካል ነው።

ወላጆች አስቀድመው ሊያደርጉት የሚችሉት

ሰው ወደሚበዛበት ስፍራ ከመግባት በፊት ልጁን በዕለቱ ልብሱ፣ ጫማው እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ማንሳት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ስልክ ቁጥርን በቃሉ ለማይዝ ልጅ በክንዱ ላይ ወይም በልብሱ ውስጠኛ ገጽ መጻፍ ይቻላል፤ ስሙን ግን በውጭ በሚታይ ቦታ አለመጻፍ ይሻላል። ልጁ ብቻውን የቀረ ሲመስለው እዚያው እንዲቆምና ወላጁን በሙሉ ስሙ ጮክ ብሎ እንዲጠራ ይለማመድ፤ «እማዬ» ብሎ ሲጣራ በአካባቢው ያለች እናት ሁሉ ትዞራለች፣ ከዚያም የእኔ አይደለም ብላ ታልፋለች። ማንንም አታናግር ብሎ ማስተማር ልጁን ረዳት ያሳጣዋል፤ የደንብ ልብስ የለበሰ የስፍራውን ሠራተኛ ወይም ልጆች የያዘች እናትን እንዲጠይቅ ማሳየት የበለጠ ይጠቅመዋል።

ልጁ ከተገኘ በኋላ

ማስታወቂያው የተነገረላቸው ሁሉ፣ በጀርባ በር የቆመው ዘበኛ ሳይቀር፣ ልጁ መገኘቱ በግልጽ ይነገራቸው፤ ፖሊስም እንዲያውቅ ይደረግ። ልጁ ጉዳት እንዳልደረሰበት ይታይ፤ በውኃ፣ በመኪና ወይም በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተገኘ ልጅ ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው። በዚያ ሰዓት ልጁን መውቀስ ሌላ ጊዜ ሲጠፋ እንዲደበቅ ያስተምረዋል። ከሌላ ሰው ጋር ከተገኘ ወይም የሆነ ነገር ደርሶበታል የሚል ጥርጣሬ ካለ ሠራተኞቹ በጥያቄ አያስጨንቁት፤ ይህ ለሠለጠነ ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

የተቋሙ ኃላፊ በዚያው ቀን እያንዳንዱ እርምጃ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ይመዝግብ፦ ወላጁ ያመለከተበት፣ የመጨረሻው መውጫ የተያዘበት፣ ፖሊስ የተጠራበትና ልጁ የተገኘበት ሰዓት። በማመልከቻውና በመጨረሻው መውጫ መያዝ መካከል ያለው ጊዜ የስፍራውን ብቃት በትክክል የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚደረገው ልምምድም ያንን ጊዜ ለማሳጠር ያለመ ይሁን፤ ከልምምዶቹ አንዱ የሰው ኃይል በሚያንስበት የምሽት ተራ ላይ ይደረግ። የልጁ ፎቶ ከሠራተኞቹ ስልኮች ይጥፋ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀው «አፋልጉኝ»ም መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ከነፎቶው ይነሳ።